የመድኃኒት ዕፀዋትና ከሥራቸው የማይለዩ ረቂቃን ረዳቶች

በሀገራችን በየቤቱ ጓሮ በሶብላ፥ ጤና አዳም፥ ዳማከሴና ኮሰረት አይጠፉም። እነዚህን የሚተክሉ እናቶች ሁሉ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ይኸውም ከአንድ ዘር የተከፈለ በሶብላ በአንዱ ጓሮ ሲበቅል ሽታው ከሩቅ የሚጠራ፥ በሌላው ጓሮ ሲበቅል ግን ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ መዓዛው የደከመ ሆኖ መገኘቱ ነው። የአንዲቱ ጎረቤት ጤና አዳም ይበልጣል ተብሎ ቅርንጫፍ ለመለመን ሩቅ የሚኬደውም ስለዚህ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ አንዳንዶቹ መሬቱን፥ አንዳንዶቹ ፀሓዩን፥ አንዳንዶቹም የተካይዋን እጅ ያመሰግናሉ። ሁሉም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ነገር ግን የዕፀዋት ሊቃውንት በቅርብ ዘመን በዚህ ላይ የጨመሩት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም በተክሉ ሥር ውስጥና በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚሠሩት ሥራ ነው።

ተሕዋስያን የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታን ብቻ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮሌራንና የሳንባ ነቀርሳን ያመጡብን እነርሱ ናቸውና። ሆኖም ሊጡን እርሾ፥ ወተቱን እርጎ፥ ጠላውን ጠላ የሚያደርጉትም የዚሁ ወገን ፍጥረታት መሆናቸውን ማንኛይቱም ባለቤት በእጅዋ ሥራ ታውቀዋለች። በምድር ውስጥ ያሉትም እንደዚሁ ክፉና በጎ ናቸው። ከበጎዎቹ አንዳንዶቹ ተክሉን ከመመገብ አልፈው በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘውን የመድኃኒት ኀይል ከፍ እንደሚያደርጉ በፈተና ተረጋግጧል። ነገሩ ለጓሮ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን የወባን መድኃኒት ለሚጠብቅ ሕመምተኛ ሁሉ የሚያገባው ስለ ሆነ በጥቂቱ እናብራራዋለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፥ ተክል ስለ ምን መድኃኒት ይሠራል? ለእኛ ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ተክል ከቆመበት ተነሥቶ መሸሽ አይችልም፤ አባ ጨጓሬ ሲመጣበት፥ ፍየል ሲግጠው፥ ሻጋታ ሲወርረው፥ ፀሓይ ሲያቃጥለው የሚከላከለው በውስጡ በሚያዘጋጃቸው መራራ፥ የሚያቃጥሉ ወይም ሽታቸው የበረታ ነገሮች ነው። የጤና አዳም ሽታ፥ የሬት ምሬት፥ የነጭ ሽንኩርት ማቃጠል ሁሉ የተክሉ የጦር መሣሪያዎች ናቸው። የሰው ልጅ እነዚህን መሣሪያዎች በልክ ወስዶ ለራሱ በሽታ መዋጊያ አደረጋቸው። እንግዲህ ተክሉ መሣሪያውን የሚያበዛው ወይም የሚያሳንሰው እንደ ኑሮው ሁኔታ ከሆነ፥ ከሥሩ ጋር የሚኖሩት ጎረቤቶች በዚህ ነገር እጃቸው መግባቱ ሊያስደንቀን አይገባም።

የእነዚህ ጎረቤቶች ታሪክ በሳይንስ ዘንድ ከተገለጠ ገና መቶ ኀምሳ ዓመት አልሞላም። የፕሩስያ መንግሥት ትረፍል የሚባለውን ከመሬት በታች የሚበቅል ውድ እንጉዳይ ለማልማት አስቦ፥ አልበርት ቤርንሃርድ ፍራንክ የተባለውን የዕፀዋት ሊቅ ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዘው። ፍራንክ እንጉዳዩን የማልማት ዘዴ አላገኘም፤ ነገር ግን የዛፎቹን ሥሮች ሲመረምር ጫፎቻቸው በፈንገስ ክር እንደ ጨርቅ ተሸፍነው አየ። ዛፎቹ ግን ጤነኞች ነበሩ። በ1885 ዓመት ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ኅብረት «ማይኮራይዛ» የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክኛ ፈንገስና ሥር ማለት ነው። ፈንገሱ ጥገኛ ሳይሆን የዛፉ መጋቢ ነው ብሎ በጻፈ ጊዜ ብዙ ባልንጀሮቹ አልተቀበሉትም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን አተርና ባቄላን የመሰሉ እህሎች በሥራቸው ላይ ባሉት ጉብታዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር እንደሚያገኙ አስረዱ፤ በ1888 ሆላንዳዊው ቤየሪንክ በጉብታዎቹ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ለይቶ አሳደገው። ገበሬዎቻችን ስንዴ በለቀቀው መሬት ላይ ባቄላ ወይም ሽንብራ የሚዘሩበት ልማድ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ምክንያቱ ብቻ አልተጻፈም ነበር።

ከፈንገሶቹ መካከል ለጓሮ ዕፀዋት የሚስማሙት በሥሩ ላይ የሚታይ ልብስ አያበጁም። በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ ገብተው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቁጥቋጦ የሚመስል ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ከሥሩ ውጭ ደግሞ ከጠጕር እጅግ የቀጠኑ ክሮቻቸውን ወደ አፈሩ ይዘረጋሉ። ፎስፎረስ የተባለው ማዕድን በአፈር ውስጥ ካለበት ቦታ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ በተለይም በደጋችን በሚገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ከብረትና ከአሉሚንየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሥር ብቻውን አያገኘውም። ክሮቹ ግን ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ እየለቀሙ ያመጡለታል። ተክሉም በምላሹ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳርና ቅባት ያካፍላቸዋል። ያለ ሕያው ሥር እነዚህ ፈንገሶች ራሳቸውን ችለው አይኖሩም፤ እንደ እርሾ በዕቃ ውስጥ ብቻቸውን ማብዛት የማይቻለውም ስለዚህ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በላይ የተነገረው ስለ ምግብ ነው። ስለ መድኃኒቱ የተደረገውን ፈተና ለማስረዳት ግን ወደ ወባ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል።

አርቴሚስያ የሚባለው፥ ቅጠሉ ጠረን ያለው የቻይና ተክል የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ ጌ ሆንግ የተባለ የቻይና ሐኪም ለትኩሳት የሚሆን አጠቃቀሙን በመጽሐፉ ጽፎ ነበር። በ1967 የቻይና መንግሥት በጦርነት ላይ ለነበሩት የሰሜን ቬትናም ወታደሮች የወባ መድኃኒት እንዲፈለግ አዘዘ፤ ከዚያም ቱ ዩዩ የተባለች ሴት ተመራማሪ ጥንታውያን የመድኃኒት መጻሕፍትን ስትመረምር ይህን ተክል አገኘች። በመጀመሪያ ጊዜ ፈተናዋ ውጤቱ ወላዋይ ሆነባት። የጌ ሆንግን ጽሑፍ እንደገና ስታነብ ግን ሐኪሙ ተክሉን በውኃ ነክሮ እንዲጨመቅ አዘዘ እንጂ ይፈላ አለማለቱን አስተዋለች፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን የሚያጠፋው መሆኑ ታያት። ስለዚህ በኤተር በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ በ1971 መጨረሻም በአይጥ ወባ ላይ ፍጹም ውጤት አገኘች። በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት እርስዋና ባልደረቦችዋ ራሳቸው ጠጡት። በ1972 ንጹሑ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ አርቴሚሲኒን ተባለ። ቱ ዩዩም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች። ኢትዮጵያ ከዚህ የተሠራውን የተቀናጀ ክኒን ለወባ ሕክምና የተቀበለችው በ2004 ነው። በ2024 በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን የተመዘገቡ በመሆናቸው መድኃኒቱ ለኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

አስቸጋሪው ነገር ተክሉ ስስታም መሆኑ ነው። በደረቀው ቅጠል ውስጥ ያለው አርቴሚሲኒን ከመቶ አንድ እጅ ያህል፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህንን ለማሻሻል ብዙ መንገድ ተሞክሯል። አንዱ ዘር መምረጥ ነው። ሌላው፥ እጅግ የሚያስገርመው፥ እርሾን ለውጦ የመድኃኒቱን መነሻ ነገር እንዲያዘጋጅ ማድረግ ነው፤ በአሜሪካ ሊቃውንት ተጀምሮ በ2013 በፋብሪካ ደረጃ እስከ መሥራት ደርሷል። ይሁን እንጂ ከእርሻ የሚገኘው ርካሽ ስለ ሆነ ዓለም እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚጠቀመው ከተክሉ የሚወጣውን ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ማበርታት አሁንም ዋጋ አለው።

በህንድ ሀገር በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ሩፓም ካፑርና ባልደረቦችዋ በ2007 ያወጡት የምርምር ውጤት በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የጠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ተቃዋሚ ሊያነሣው የሚችለውን ጥያቄ አስቀድመው አስበውበታል። አርቴሚስያን በሁለት ዓይነት የሥር ፈንገስ እየለዩ ተከሉ፤ ከእነዚህም ግማሹን ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ጨመሩለት፤ ፈንገስ የሌለው ግን ማዳበሪያ ያገኘ፥ እንዲሁም አንዱንም ያላገኘ ተክል ለማነጻጸሪያ አኖሩ። ፈንገስ ያገኙት ተክሎች በቅጠላቸው ውስጥ የያዙት የአርቴሚሲኒን መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ማዳበሪያ ብቻ ያገኙትም ምንም ካላገኙት ጥቂት ተሻሉ፤ ነገር ግን ማዳበሪያ ጨምሮም ሆነ ሳይጨምር ፈንገስ ያለውን የሚያህል አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው ፈንገሱ የሠራው ሥራ ተክሉን በፎስፎረስ ማጥገብ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከሁለቱ ፈንገሶች ደግሞ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ የረዳ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ሌላው ሥራ ምንድር ነው? አርቴሚሲኒን የሚሠራውና የሚከማቸው በቅጠሉ ገጽ ላይ በሚገኙ፥ ጠጕር በሚመስሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ነው። በሶብላን በጣታችን ስናሸው የሚሸተን የእንደዚህ ያሉ ዕጢዎች መፈንዳት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕጢዎቹን ሲቈጥሩ ፈንገስ ባለው ተክል ላይ በዝተው አገኙአቸው፤ ዕጢው በበዛ መጠንም መድኃኒቱ በዛ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2015 በጻፉት ሌላ ጥናት ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ወሰዱት፤ ፈንገስ በገባበት ተክል ውስጥ ጃስሞኒክ አሲድ የተባለው ነገር ከፍ ይላል፤ ይህም ተክል ተባይ ሲነክሰው «ጠላት መጣ» ብሎ ወሬውን በአካሉ ሁሉ የሚያሰማበት ነው። በዚህም ምክንያት መድኃኒቱን ለመሥራት የሚያዝዙት ጂኖች ይበልጥ ይነቃሉ። ፈንገሱ ወዳጅ ቢሆንም ወደ ሥር ሲገባ ተክሉ እንደ ዘበኛ ይነቃል፤ ሳይታመም መሣሪያውን ያዘጋጃል ማለት ነው።

ወደ ጓሮአችን ስንመለስ ደግሞ በሶብላ አለ። በጣልያን ሀገር በፒየሞንቴ ኮፔታና ባልንጀሮቹዋ በ2006 ባወጡት ሥራ ሦስት ዓይነት ፈንገሶችን በበሶብላ ላይ ሞክረዋል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። ከሦስቱ አንደኛው የመዓዛውን ዘይት ጨመረ፥ በቅጠሉም ላይ ዕጢዎችን አበዛ፤ የዘይቱ ቅመም ራሱ እንደ ፈንገሱ ዓይነት ተለዋወጠ። በአርጀንቲና ባንኪዮና የሥራ ጓደኞችዋ በ2009 ያቀረቡት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ባሲለስ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ከበሶብላው ሥር ጋር ሲገናኝ፥ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዩጅኖል፥ ማለት ለቅርንፉድ ሽታውን የሚሰጠው ነገር፥ አሥር እጥፍ ያህል ጨመረ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው ተክሉን ሳይነካው፥ ከእርሱ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ በአየር ላይ እንዲደርሰው ሲደረግም በሶብላው ዘይቱን አበዛ። በበርበሬና በሽሮ ውስጥ የምንጨምረው በሶብላ የሚያውደን ሽታ በከፊል ከማይታይ ጎረቤት ጋር የተደረገ ንግግር ውጤት ነው ብንል ከእውነት አንወጣም።

እዚህ ላይ አንባቢው «እንግዲያስ ሁሉም ሲበረታ መልካም ነው» ብሎ እንዳይደመድም አደራ እንላለን። የተክል መሣሪያ መድኃኒትም መርዝም ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። በጀርመን ሀገር የኪል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2015 ስለ ክሮታላሪያ የጻፉትን እንይ። ይህ ተክል የባቄላ ወገን ሲሆን ጉበትን የሚጐዳ መርዝ በውስጡ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ተክሉን ሥሩ ላይ ጉብታ የሚያበጀው ባክቴሪያ በሌለበት አፈር ሲያሳድጉት መርዙ ጨርሶ አልተገኘበትም፤ ባክቴሪያው ገብቶ ጉብታ ሲያበጅ ግን መርዙ በዚያው ጉብታ ውስጥ መሠራት ጀመረ። አንድ ተክል፥ አንድ ዘር፥ ነገር ግን በአንዱ አፈር መርዛም በሌላው አፈር የማይጐዳ ሆነ! የዚህ ዓይነት መርዝ ምን እንደሚያደርግ በሀገራችን ይታወቃል፤ ከ2001 ጀምሮ በትግራይ በአንድ ገጠር ብዙ ቤተ ሰብን የፈጀው የጉበት በሽታ፥ ከእህል ጋር በተቀላቀለ ሌላ አረም ውስጥ ባለው በዚሁ ወገን መርዝ ምክንያት መሆኑ ተደርሶበታል።

ስለዚህ በቤት ውስጥ መድኃኒት የሚቀምሙ እናቶችና አባቶች ሊያውቁት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። «አንድ እፍኝ ቅጠል» የሚለው ልክ የማያስተማምን ልክ ነው፤ በአንዱ ጓሮ ያለው እፍኝ በሌላው ጓሮ ሁለት እፍኝ የሚያህል ኀይል ሊኖረው ይችላልና። ጤና አዳም በቡናና በአይብ ውስጥ ለጣዕም ሲገባ የለመድነው ነው፤ በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ግን ለነፍሰ ጡር ሴት እጅግ አደገኛ ነው፤ ማኅፀንን ያነቃልና። ኮሶ ልኩ ሲያልፍ ሰውን እንደሚጐዳ አባቶቻችን ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በወባም እንዲሁ ነው። አርቴሚስያን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ክኒኑን አይተካም፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2012 እና በ2019 ይህን እንደማይደግፍ በግልጽ አስታውቋል። በሻይው ውስጥ የሚገባው መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፤ ያነሰ መጠን ደግሞ በሽተኛውን ሳያድን ወባውን መድኃኒት ያለማምደዋል። ጭቁኝና አሪቲም ዘመዶቹ ስለ ሆኑ ብቻ የወባ መድኃኒት አይሆኑም። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ካለ መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህ ግን ለኪስ ነው። በየሀገሩ ለሥር የሚጠቅም ሕያው ማዳበሪያ የሚል ጽሕፈት ያለበት ጠርሙስና ከረጢት ይሸጣል። ከእነዚህ መልካሞች አሉ፤ በተለይም ለባቄላ፥ ለሽንብራና ለአኩሪ አተር ዘር የሚቀባው የጉብታ ባክቴሪያ በሀገራችንም ተዘጋጅቶ ለገበሬ ሲከፋፈል የቆየ ነው። የሥር ፈንገስ ግን ሕያው ሥር ካላገኘ የማይበዛ፥ በመጋዘንም ሙቀት የሚሞት ስለ ሆነ ሻጩ እንዳለው ሕያው ሆኖ መቆየቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ፥ ከላይ የተናገርናቸው ፈተናዎች በአመዛኙ በማሰሮ አፈር ላይ የተደረጉ ናቸው። በሜዳ ላይ ግን አፈሩ አስቀድሞ የራሱ ፈንገሶች ያሉት ስለሚሆን፥ ከውጭ የመጣው እንግዳ አንዳንድ ጊዜ ቦታ አጥቶ ያለ ፋይዳ ይቀራል። ዋናው ጥያቄ «ምን ልጨምር?» ከመሆኑ በፊት «ያለኝን ምን አጠፋብኝ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

በዚህ ረገድ የሀገራችን ደኖች ትልቅ መዝገብ ናቸው። ዶክተር ተስፋዬ ውበት ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ የደጋ ደኖች ውስጥ የሀገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምረው ከ2003 ጀምሮ ተከታታይ ጽሑፎች አውጥተዋል። ከመረመሩአቸው አንዱ ጥቁር እንጨት ነው፤ ቅርፊቱ በወንዶች ላይ ለሚደርሰው የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ መድኃኒት እየተባለ በውጭ ሀገር ስለሚፈለግ፥ ንግዱ ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ሥር የዋለ ዛፍ ነው። በሥሩ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፈንገሶች ተገኝተዋል። ስለ ጥድና ስለ ዝግባ የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ሁለቱ ዛፎች በአንድ ደን ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ በሥራቸው የሚኖሩት የፈንገስ ማኅበሮች የተለያዩ ናቸው። እንግዲህ ደኑ ሲመነጠር የሚጠፋው ግንዱና ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለው፥ ስም እንኳ ያልወጣለት ማኅበርም አብሮ ይበተናል። በብዙ የሰሜን አውራጃዎች እርሻው ሁሉን ሲወስድ የቀረው የደን ቅሬታ በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ያለው መሆኑን ሁላችንም እናያለን። አጸዱን የጠበቁት አባቶች ዛፉን ለመጠበቅ አስበው ሳለ፥ ከዛፉ በታች ያለውንም ሳያዩት ጠብቀውታል። ይሁን እንጂ ከአጸድ አፈር እየዘገኑ ወደ ጓሮ መውሰድ አይገባም፤ ቦታው የመቃብር ቦታም ነው፤ ለጓሮ የሚሆነው ፈንገስም ከዚያ ይልቅ በራሳችን ጓሮ ዳር ይገኛል።

ቤተ ሰብ በገዛ ጓሮው ምን ማድረግ ይችላል? በመጀመሪያ አፈሩን በየጊዜው ከሥር እስከ ላይ መገልበጥን መተው ነው፤ በየቆፈሩ ቍጥር የተዘረጋው ክር ይበጣጠሳልና። ሁለተኛ፥ ፎስፎረስ የበዛበትን ማዳበሪያ በመድኃኒት ዕፀዋት ሥር አለማብዛት ነው። ተክሉ ፎስፎረሱን ያለ ድካም ሲያገኝ ከፈንገሱ ጋር ያለውን ውል ያቋርጣል፤ ቅጠሉ ይሰፋል፥ ሽታው ግን ይሳሳል። የበሰበሰ ፍግና የወጥ ቤት ጥራጊ ብስባሽ ይሻላል። ሦስተኛ፥ መሬቱን ከዓመት እስከ ዓመት ባዶ አለመተው ነው። ጎመንና ሰናፍጭ ከዚህ ፈንገስ ጋር ኅብረት የሌላቸው ዕፀዋት ስለ ሆኑ፥ ለብዙ ጊዜ ጎመን ብቻ በበቀለበት መደብ ላይ በሶብላ ከመትከል በፊት ሽንኩርት ወይም በቆሎ ቢዘራበት መልካም ነው፤ እነዚህ ፈንገሱን አብዝተው ያስተናግዳሉና።

ፈንገሱን በቤት ማብዛት ለሚፈልግ ደግሞ ዘዴው ይህ ነው። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ባልዲ ወይም ገንቦ ይዘጋጅ። ንጹሕ አሸዋና የተነፋ አፈር እኩል ይቀላቀልና ይሞላበት። ከዚያም ለብዙ ጊዜ ካልታረሰ የአጥር ዳር፥ ወይም ከጤነኛ ሽንኩርትና ማሽላ ሥር፥ ከቀጫጭን ሥሮች ጋር ሁለት ሦስት እፍኝ አፈር ተወስዶ በመካከሉ ይጨመር። በላዩ ማሽላ ይዘራ። ማዳበሪያ አይጨመርበት፤ ውኃው በልክ ይሁን። አራት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ውኃው ይቋረጥና ሁለት ሳምንት ይድረቅ፤ ተክሉ ስጋት ሲይዘው ፈንገሱም ዘሩን ያበዛልና። አገዳው ይቈረጥ፤ ሥሩ ከነአፈሩ ወጥቶ በመጥረቢያ ይከታተፍና ይቀላቀል። በሶብላው፥ ዳማከሴው ወይም ጤና አዳሙ ሲተከል ከዚህ አንድ እፍኝ በጉድጓዱ ውስጥ ሥሩን እንዲነካ ተደርጎ ይጨመራል፤ ከላይ ቢበተን አይጠቅምም።

አፈሩን የሚወስዱበትን ቦታ ግን አጥብቀው ይምረጡ። ቲማቲም ወይም ድንች ሳይደርቅ በድንገት ከጠወለገበት መሬት ከቶ አይወሰድም። ከ2012 ገደማ ጀምሮ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዝንጅብልን እርሻ ያወደመው የአጠውልግ በሽታ የመጣው ከአፈርና ከታመመ ዘር ጋር በሚጓዝ ባክቴሪያ ነው። እፍኝ አፈር ከወዳጅ ጋር ጠላትንም ሊያመጣ ይችላል። የተዘጋጀውም ድብልቅ ፀሓይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ፤ በታሸገ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። እስከሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ቢያልቅ ይሻላል፤ ሲያልቅም ከባልዲው ግርጌ ጥቂት አስቀርቶ በአዲስ አሸዋና በአዲስ ማሽላ ደግሞ መጀመር ነው።